የፌዴራሉ ድርሻ፣ የክልሉ ድርሻ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በፌዴራልና በክልል መንግሥታት መካከል የሚያካፍለው በዋናነት በሁለት ተከታታይ አንቀጾች ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ድርሻ ይዘረዝራል፤ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብና ብሔራዊ ባንክ፣ ዜግነት፣ የአየርና የባቡር ትራንስፖርት፣ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ይገኙበታል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ ተለይቶ ያልተሰጠውን ሁሉ ለክልሎች ይተወዋል። በሕንድና በካናዳ ሳይዘረዘር የቀረ ሥልጣን ወደ ማዕከሉ ሲሄድ፣ በኢትዮጵያ እንደ አሜሪካ ሁሉ የክልል ይሆናል። መጀመሪያ ዘጠኝ የነበሩት ክልሎች ዛሬ አሥራ ሁለት ደርሰዋል።

ዝርዝሩ ብቻ ሲነበብ ድንበሩ ጥርት ያለ ይመስላል። በተግባር ግን አንዱ ጉዳይ ለሁለቱም የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ መሬት ነው። ስለ መሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራሉ ሲሆን፣ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ማዕቀፉን አስቀመጠ፤ ዝርዝሩን ግን ክልሎች በየራሳቸው አዋጅ ወሰኑ። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ የይዞታ ደብተሩን የሚቀበለው ከአዲስ አበባ አይደለም፤ ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ለአርሶ አደር አገር ከዚህ የከበደ ሥልጣን ለማግኘት ያስቸግራል።

በሕግ ማውጣትም ድርሻው የተለያየ ነው። የወንጀል፣ የንግድና የሠራተኛ ሕግ በመሠረቱ የፌዴራል ናቸው። የቤተሰብ ሕግን ግን ክልሎች ራሳቸው ያወጣሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ባሕር ዳር ላይ የሚፋቱ ባልና ሚስት ጉዳያቸው የሚታየው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው።

የሥልጣን ክፍፍል ከገቢ ክፍፍል ተለይቶ አይታይም። የክልል ትምህርት ቤት መምህር የደመወዝ ግብር ለክልሉ ይገባል፤ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ መምህር ግን ለፌዴራሉ ነው። ደሴ ላይ በግሉ የሚሠራ ነጋዴ የትርፍ ግብሩን ለክልሉ ይከፍላል፤ ንግዱን ወደ አክሲዮን ማኅበር ካሳደገው ግን የድርጅቱ የትርፍ ግብር የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ገቢ ይሆናል። የገቢና የወጪ ንግድ ቀረጥ በሙሉ የፌዴራሉ ነው። ዳጎስ ያለው ገቢ ወደ ማዕከሉ ስለሚያደላ፣ የብዙዎቹ ክልሎች በጀት በፌዴራል ድጎማ ላይ የተመሠረተ ነው። ክልሉ ጥቅል ድጎማውን እንደ ፍላጎቱ መደልደል ይችላል፤ ሆኖም ራሱ ያልሰበሰበውን ገንዘብ የሚጠብቅ መንግሥት በወረቀት ላይ የተሰጠውን ያህል ነፃነት አይኖረውም። የክፍፍሉ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው።

ድጎማው በምን ቀመር እንደሚከፋፈል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውም ይኸው ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም፤ አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። በምክር ቤቱ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝቡም አንድ ወኪል ይጨመርለታል። ወኪሎቹን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ማድረግ ይችላሉ።