ቅጠል የሚበላውንና ጭማቂ የሚመጥጠውን ተባይ ለይቶ በመድኃኒት ስለ ማጥፋት

በጎንደር ከተማ ዙሪያና ከእርሷ በስተ ሰሜን ባለው ደጋ አገር ስለ እህል ተባይ ወደ ሹማምንት የሚቀርበው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ትል ገብቷልና መድኃኒት ይሰጠን የሚል ነው። አቤቱታው የደረሰው ሹምም አስቀድሞ የሚጠይቀው መድኃኒቱ በመጋዘን መኖር አለመኖሩን ነው። ዳሩ ግን ከዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ተባዩ በምን ዓይነት አፍ እንደሚመገብ ነው።

እህልን የሚያጠፉ ነፍሳት በአበላላቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ተምች፣ ጓይ ትል፣ ቆራጭ ትል፣ እንዲሁም አንበጣና ኩብኩባ የሚያኝክ አፍ ስላላቸው ቅጠሉን እየቈረጡ ይውጣሉ፤ ስለዚህ በቅጠሉ ላይ የተረጨው መርዝ ከምግባቸው ጋራ ወደ ሆዳቸው ይገባል። ክሽክሽ ግን መርፌ በሚመስል አፉ ቅጠሉን ወግቶ የውስጡን ጭማቂ ይመጥጣል እንጂ የቅጠሉን ላይ አይበላም። በሆድ ብቻ የሚሠራ መርዝ በቅጠሉ ላይ ቢነሰነስበት ምንም አይጐዳውም። ለዚህ ተባይ የሚያስፈልገው ወይም ገላውን ነክቶ የሚገድል ነው፤ ወይም ወደ ተክሉ ገብቶ ከጭማቂው ጋራ የሚዘዋወር ነው። ማላታይን ከፊተኛው፣ ዳይሜቶኤት ከኋለኛው ወገን ይቈጠራሉ።

ይህ ልዩነት በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ለሚዘራው ገብስ ትልቅ ነገር ነው። የሩስያ የስንዴ ክሽክሽ የተባለው ተባይ በሰሜን ኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲሆን፣ ከስንዴ ይልቅ ገብሱን አጥብቆ ይጐዳል። የያዘው ቅጠል ነጭ መስመር እያወጣ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ ተባዩም በጥቅሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። በመንካት ብቻ የሚገድል መድኃኒት እስከዚያ ድረስ አይደርስለትምና ገበሬው ገንዘቡንና ድካሙን ከስሮ፣ መድኃኒቱ ውሃ ነው ብሎ ያማል። እውነቱ ግን መድኃኒቱ ሌላ፣ ጠላቱም ሌላ መሆኑ ነው። ክሽክሽ ያለ ወንድ ይራባል፤ የተወለደችውም በዐሥር ቀን ገደማ ራሷ ትወልዳለች። ስለዚህ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ማሳው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት፤ ኃይለኛ ዝናም ከወረደ ግን ብዙው ታጥቦ ይረግፋልና መርጨት ሳያስፈልግ ይቀር ይሆናል። ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ቀይ ጥንዚዛም ክሽክሽን እየበላች የምትኖር የገበሬው ረዳት ናት። ያለ ልክ የሚረጭ ሰው አስቀድሞ እርሷን ይገድልና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክሽክሹ ካለፈው በዝቶ ይመለስበታል።

ወደ ደንቢያ ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። በዋልካው መሬት በክረምቱ መውጫ የሚዘራውን ሽምብራ የሚያጠፋው ጓይ ትል ነው። ይህ ትል በመጀመሪያ ቅጠሉን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬውን በስቶ ይገባል፤ ከገባም በኋላ መድኃኒት አያገኘውም። መርጨት የሚጠቅመው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በቅጠል ላይ ሲታይ ነው። ዘግይቶ መርጨት ከጥቅም ማጣት የባሰ ጕዳት አለበት፤ ጊዜው የሽምብራ እሸት ተነቅሎ ወደ ገበያ የሚወጣበት፣ ሕፃናትም ከማሳው ዳር ሆነው እየፈለፈሉ የሚበሉበት ነውና። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከመርጨት እስከ መሰብሰብ የሚቈጠረው ቀን ተጽፎ ይገኛል። ጽሕፈቱን ማንበብ ለማይችል ገበሬ ቀኑን ቈጥሮ መንገርና የተረጨው ማሳ እሸት እንዳይነቀል መከልከል የአካባቢው ሹም ሥራ ነው።

ስለ ንብም ሊታሰብ ይገባል። ባቄላው ባበበ ጊዜ ዳይሜቶኤት በቀን ከተረጨ የጎረቤት ቀፎ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያም የማር ጠብ ወደ ዳኛ ይመጣል። ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ ወደ ማታ፣ ነፋስ በሌለበት ጊዜ ቢረጭ ጕዳቱ ይቀንሳል፤ አበባው እስኪረግፍ መታገሥ ከተቻለ ግን የተሻለ ነው። መርጫውንም በመገጭ ወንዝ ማጠብ አይገባም፤ ውሃው ጣና ይገባልና፤ ከመድኃኒቶቹም መካከል በጥቂቱ ዓሣ የሚገድሉ አሉ።

መድኃኒት በብዛት አዝዞ ማከማቸት እንደ ትጋት የሚቈጠርበት ጊዜ ነበረ። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የደረሰበት የስዊዝ ሰው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት እስከ መቀበል ደረሰ። ይኸው መድኃኒት በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዘመን የሚቈይ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን በእርሻ ላይ እንዳይውል በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ተከለከለ። በኢትዮጵያም በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት መርዝ፣ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆን፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ተሰብስቦ በእሳት እንዲጠፋ ወደ ፊንላንድ መላክ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም ክልክል ሆኗል። ስለዚህ ትእዛዝ የሚጽፍ ሹም የተባዩን ስም፣ የሰብሉን ዓይነትና የማሳውን ስፋት አስመርምሮ፣ ለዚያው ክረምት የሚበቃውን ብቻ ይጠይቅ። ባዶ የሆነውም ጀሪካን ተበስቶ ለሚረከበው ክፍል ይመለስ እንጂ ለውሃ መቅጃና ለጠላ መያዣ ወደ ገበያ አይውጣ።