ታኅሣሥ በከዚራ

ስለ ድሬዳዋ የሚነገር ትዝታ ሁሉ፣ ተናጋሪው በከተማዋ በየትኛውም ማዕዘን ያደገ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ በከዚራ ሳያልፍ አይቀርም። ከዚራ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ነባር ሰፈሮች በአንድ ቤተ መንግሥት ወይም በአንድ ደብር ዙሪያ ቀስ በቀስ ያደገ ሳይሆን፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በመሐንዲስ እጅ በወረቀት ተነድፎ፣ ጎዳናው ተለክቶ፣ ዛፉ በተርታ ተተክሎ የተሠራ በመሆኑ፣ የነዋሪው የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ጊዜና የበዓል አከባበር ሳይቀር ከሐዲዱ ጋር የተቆራኘ ነበር። የከዚራን በዓላት ለመረዳትም በቅድሚያ ባቡሩ እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

የነገሩ መነሻ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ መሀል የሚዘልቅ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመር ሐዲዱ ሐረር ይደርሳል ተብሎ የታሰበ ቢሆንም፣ ከቆላው ተነሥቶ ወደ ሐረር ተራሮች የሚወጣው አቀበት ለባቡር የሚከብድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ መስመሩ በተራሮቹ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ አዲሱ ጣቢያ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ከወደቀ በኋላ ሥራው በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጥሎ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገባም፣ ከዚያ በፊት ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ ማብቂያ ሆና ቆይታ ነበር። ይህ መዘግየት ለባቡሩ ባለቤቶች ኪሳራ ሲሆን ለከተማዋ ግን በረከት ነበር፤ የሐረርጌ ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ እየወረደ የሚጫነው፣ ከባሕር የመጣው ሸቀጥ የሚራገፈው እዚሁ ስለ ነበር፣ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያውና የጉምሩክ ሠራተኛው ሐዲዱን ተከትሎ ሰፈረ።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ነው። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውኃ የማይታይበት፣ ሰውና ከብት እንደ ልቡ የሚሻገረው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ሲሆን፣ በላዩ ባሉት ተራሮች ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ይደነፋል። ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ቀፊራ የተባለው ታላቅ ገበያ ያለበት፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪውና የየመን ዐረቡ ተጎራብቶ የሚኖርበት መጋላ ይገኛል። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የፈረንሳይ የባቡር ሹማምንት፣ የግሪክ፣ የአርመንና የጣሊያን ነጋዴዎች፣ ከእነርሱም ጋር ፊደል የቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥትና የባቡር ሠራተኞች የኖሩበት ነው። ጎዳናዎቹ ሰፊ፣ ቤቶቹ በረንዳ ያላቸው፣ አጥሮቹ በቡገንቪላ የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ ሙቀት በነገሠበት ወቅት ቀይ አበባዋን የምትዘረጋዋ ዛፍ በአማርኛ እስከ ዛሬ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብላ ትጠራለች።

ከዚራን የሚያወድስ ሁሉ መሸሸግ የሌለበት አንድ እውነት እዚህ ላይ አለ። ያ ጥላና ያ ንጹሕ ጎዳና ለሁሉ እኩል የተሰጠ አልነበረም። ሐዲዱን ያነጠፈው፣ ጆንያውን የተሸከመው፣ የእሳቱን ምድጃ የቀለበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባው አሸዋውን ተሻግሮ ነበር፤ ስለዚህም «የከዚራ ትዝታ» የሚባለው ነገር አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ነው፤ አንዱ ከበረንዳው ላይ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ የታየ። ሁለቱን አንድ ያደረጓቸው በዓላት ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በቀድሞው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረ ሲሆን፣ መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያሳልፍ ነበር። እንግዳን ተቀብሎ ማሳደር ለከዚራ ሙያ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ተከፈተ፤ የባቡሩ መግቢያ ሰዓትም የሰፈሩ የምሽት መጀመሪያ ሆነ። ቀኑ በሌላ መልክ ይከፈል ነበር። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በሚዘልቅበት አገር ሥራ በማለዳ ተጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ይቆማል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ሰው ወደ ጥላና ወደ ዕረፍት ይገባል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጎዳናው እንደ ገና ነፍስ ይዘራል። ይህ ልማድ በድሬዳዋ ዛሬም አልጠፋም።

የባቡር መምጣት አንድን ሰፈር የዕረፍት ቦታ ሲያደርገው ከዚራ በዓለም የመጀመሪያው አይደለም። በእንግሊዝ አገር የለንደንና የብራይተን መስመር እ.ኤ.አ. በ1841 ከተከፈተ ወዲህ፣ የባሕር ዳር መዝናኛነቱ ቀድሞ የሀብታሞች የነበረው ብራይተን ቅዳሜና እሑድ በባቡር ለሚመጣ ተራ ሠራተኛም የበዓል መዋያ ሆኗል። በድሬዳዋ መስመር ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ እዚያ ሰው ወደ ባሕር ሲሄድ፣ እዚህ ግን ከባሕር ይሸሻል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ አቅም ያለው የጅቡቲ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተጉዞ በድሬዳዋ ወይም ከዚያ አልፎ በሐረር መክረም ልማዱ ነው። ለደጋ ሰው እጅግ ሞቃት የሆነችው ድሬዳዋ ለወደቡ ሰው ነፋሻ አገር ናት። ዘመድ ከዘመድ የሚገናኘው፣ ጋብቻ የሚታሰበው፣ የንግድ ሽርክና የሚጀመረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ክረምት ነው።

ከዓመቱ ወራት ሁሉ ግን ለከዚራ የሚስማማው ታኅሣሥ ነው። በዚህ ወር ሙቀቱ ረገብ ይላል፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከደጋ የሚመጣውም ሰው ሳይንገላታ ሊሰነብት ይችላል። በዚህ ላይ በዓላቱ እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ ይመጣሉ። ለአውሮፓውያኑ ካቶሊኮችና ለግሪኮቹ የልደት በዓል ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። አርመኖች በጥንቱ ሥርዐታቸው ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት የሚያከብሩት ታኅሣሥ 28 ቀን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ገና ደግሞ በማግሥቱ፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ስለዚህ በአንድ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ልደትን ሊያከብሩ፣ ልጆቻቸውም ሦስቱንም ሊቋደሱ ይችሉ ነበር። በሌላ ከተማ የቀን መቁጠሪያ ልዩነት ሰውን ሲለያይ፣ እዚህ ግን በዓሉን አብዝቶለታል።

በእነዚህ መካከል ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል። ቁልቢ ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በደጋው ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ከዐድዋ ድል በኋላ የሐረርጌው ገዥ ራስ መኰንን ናቸው፤ እርሳቸውም በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው። ስለት ማለት አንድ ሰው ልመናው ቢሰምር ለታቦቱ ሊያስገባ የሚገባው ቃል ኪዳን ሲሆን፣ በቁልቢ ጥላ፣ ጧፍ፣ ወርቅና ከብት በስለት ይገባል፤ ልጅ አጥታ ኖራ የወለደችም ሴት ልጇን ለማስጠመቅ ወደዚያ ትሄዳለች። የሌላ እምነት ተከታዮችም ስለት ይዘው የሚሄዱ መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ከአዲስ አበባና ከመስመሩ ከተሞች የተነሣው ተሳላሚ በብዛት የሚወርደው በከዚራ ጣቢያ ነበርና፣ ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ሆቴሉ ይሞላል፤ አልጋ ያጣው በዘመድ ቤት፣ ዘመድ የሌለው በማያውቀው ሰው ግቢ ያድራል፤ ከዚያም በመኪና የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ይወጣል። መንገዱን ሁሉ በእግሩ የሚያቋርጠውም ጥቂት አልነበረም። ከተማዋ በዚያ ሳምንት እንግዳን በማስተናገድ ያሳየችው ቸርነት ድሬዳዋ ለዘመናት ከተጠራችባቸው መልካም ስሞች ሁሉ የሚበልጥ ነው።

የዒድ አል ፈጥርና የዐረፋ በዓላት በእስላማዊው የጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄዱ በየዓመቱ እየቀደሙ ሁሉንም ወቅት ይጎበኛሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን የዕርድ ሥጋ የማይበላ በመሆኑ፣ የበዓል ማዕድ መጋራት ጥንቃቄን ይጠይቃል፤ የድሬዳዋ ሰው ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ቀላልና ጨዋ ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚላከው ሐለዋ፣ ሙሸበክ የሚባለው በዘይት ተጠብሶ በስኳር ውኃ የሚነከር ጣፋጭና ሰምቡሳ ነው፤ ሥጋ ማብላት የፈለገ ደግሞ የጎረቤቱን እምነት የሚጋራ ሰው ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፤ በተለየ ድስትም ያሠራል። ጎረቤትን አክብሮ ማብላት ማለት ይህ ነው። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ የተነሣው አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን፣ በኋላም ከውስጡ የወጣው ዓሊ ቢራ፣ የወጣትነት ዜማቸውን ያሰሙት በእንዲህ ያለው የበዓልና የሠርግ ሰሞን ነበር።

የሰፈሩን ሕይወት ያቆመው ምሰሶ ግን በሰዉ አነጋገር «ሸማንደፈር» የሚባለው የባቡር መሥሪያ ቤት ነው። በድሬዳዋ ያለው ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ ብረት አቅልጦ፣ ቀርጾና ገጥሞ ለመስመሩ የሚያስፈልገውን መለዋወጫ ያዘጋጅ ስለ ነበር፣ ትውልድ የተቀጠረበትና አባት ለልጁ ሙያ ያወረሰበት ትምህርት ቤት ሆኗል። ፈረንሳይኛ በቢሮ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በጎዳና የሚነገሩበት፣ አንድ ልጅ ሳይማር አራት ቋንቋ የሚሰማበት አካባቢም የተፈጠረው በዚህ መሥሪያ ቤት ዙሪያ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልፈረሰም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከዚራ ቪላዎች ባለቤት ለወጡ፤ ከውጭ አገር የመጡት ማኅበረሰቦችም እየሳሱ ሄዱ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ያደረገው ጥቃት ቢከሽፍም፣ በዚያ ጦርነት ሐዲዱ ተቆርጦ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ሐዘኑ በወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን ሰው እኩል መታው። አሮጌው መስመር ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ክፍሉ አገልግሎት አቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣንና ለአገር የሚጠቅም መሆኑ ባያከራክርም፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ስለሆነ መንገደኛው ከዚራን ሳያይ ያልፋል።

አሮጌው ጣቢያ ዛሬም በአደባባዩ ፊት ቆሟል፤ በወርክሾፑም የጥንት መኪኖችና ሎኮሞቲቮች አሉ። እነዚህን ጠብቆ ለጎብኚ ማሳየት ተገቢ ነው፤ ሆኖም የከዚራ ታሪክ ከሕንፃው ይልቅ የሚገኘው በጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች አንደበት፣ በየቤቱ መሳቢያ በተቀመጡ ፎቶግራፎች፣ በአሮጌ የጉዞ ቲኬቶችና በፈረንሳይኛ በተጻፉ የሥራ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው። ከዚራ ያደጋችሁ፣ ዛሬም እዚያ የምትኖሩ ወይም በጅቡቲ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን፣ ከአባትና ከእናት፣ ከአጎትና ከአክስት ጋር ተቀምጣችሁ የሰማችሁትን ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉ፤ በእጃችሁ ያለውንም ፎቶግራፍ ጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም አስፍራችሁ ለልጆቻችሁ አስረክቡ።