የአትሌት ስጦታ እንዴት ይዘልቃል? ከታላቁ ሩጫ የምንማረው

በየዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች ጫማና ልብስ ሰብስበው ለአካባቢው ልጆች መስጠታቸው እየተለመደ መጥቷል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ጫማው በጥቂት ወራት ያልቃል፤ ሰብሳቢዎቹም ግቢውን ለቀው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ካልተነሳሳ ሥራው እዚያው ይቆማል። ሰጪው ዞር ሲል የማይቋረጥ ስጦታ ምን ዓይነት ነው? ለዚህ ጥያቄ በሀገራችን ስፖርት ውስጥ ጥሩ መልስ የሚሆን አንድ ሥራ አለ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1965 ዓ.ም. አሰላ አካባቢ ተወለደ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። በዓለም መድረክ ሲሮጥ የግራ ክንዱን ለየት አድርጎ መያዙ ከዚያ ልማድ እንደመጣ ይነገራል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ።

ከሲድኒ እንደተመለሰ ከወዳጆቹ ጋር አንድ ሐሳብ ጠነሰሱ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የዓለም ሻምፒዮኖች ሀገር ብትሆንም ሺዎች አብረው የሚሮጡበት ዓመታዊ የጎዳና ውድድር አልነበራትም። ወጣት ሯጭ ስሙን ለማስጠራት ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ለዚህም ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ማናጀር ያስፈልገዋል። እነዚህን የሚያገኘው ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 10 ሺህ ሰው የተሳተፈበት የ10 ኪሎ ሜትር «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ተጀመረ። የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነበር።

ውድድሩ የሚቆመው እንዲህ ነው። ተሳታፊው ተመዝግቦ የሩጫውን ቲሸርት ይገዛል፤ ድርጅቶች ስፖንሰር ይሆናሉ። ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ የዝግጅቱን ወጪና የአሸናፊዎችን ሽልማት ይሸፍናል። ከፊት የሚሮጡት አትሌቶች ይወዳደራሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ እየሮጠ፣ እየተራመደ ይከተላል። ለሕፃናት የተለየ ውድድር አለ፤ ለበጎ አድራጎት የሚውል ገንዘብም ይሰበሰባል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጨምሯል። ዛሬ በዋናው ሩጫ የሚሳተፈው ሰው ከ40 ሺህ በላይ ነው። ኃይሌ መወዳደር ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሩጫው ግን ቀጥሏል። በየዓመቱ የእሱን ኪስ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረሰ።

ይህን አሠራር ለመረዳት ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ወቅፍ ነው። በወቅፍ ዋናው ንብረት አይሸጥም፣ አይበላም፤ ፍሬው ግን ለተጠቃሚው ይደርሳል። ታላቁ ሩጫ ወቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የተሠሩት ሰጪው በሌለበት እንዲቀጥሉ ነው።

ይሁን እንጂ ትልቅ ውድድር ብቻውን ሯጭ አያወጣም። ልጁ መንደሩ ውስጥ ሳለ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። የአርሲዋ በቆጂ ለዚህ ምስክር ናት። በዚያች ከተማ የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና ልጆች ሳሉ አሠልጥነዋል። በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ያገኘችው የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ፋጡማ ሮባም የበቆጂ ልጅ ናት። መምህሩ የነበራቸው ሀብት የሚበዛው ትዕግሥት ነበር፤ ልጆቹን ሳይሰለቹ በየጊዜው ያሠለጥኑ ነበር።

ወደ ቦንጋ እንምጣ። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስትሆን ቦንጋ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ የበቆጂን ከፍታ እዚህ አናገኝም። ዳገቱና አረንጓዴው ግን አለን፤ ዩኔስኮ የካፋን የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። በዚህ ዳገት ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሰዓታቸውን የሚለካላቸው ግን የለም።

ጀመዓችን ለዚህ ስፖንሰር መጠበቅ አይኖርበትም። በዓመት አንድ ጊዜ የ3 ኪሎ ሜትር ሩጫ ማዘጋጀት ይቻላል። ተማሪው ለመመዝገቢያ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ የአካባቢው ልጆች በነፃ ይሮጣሉ፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ጫማ ይገዛል። ጊዜው ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ይቀላል፣ ልጆች ቤተሰብ የሚያግዙበት የቡና ለቀማም ያልቃል። ለእህቶች የራሳቸው ዙር ይኑራቸው። የልጆቹን ትምህርት ቤትና ወላጆች አስቀድሞ ማስፈቀድም ግዴታ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ መዝገብ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ዕድሜና ሰዓት ይጻፍበት፤ ኮሚቴው ሲቀየርም ለተተኪው በፊርማ ይተላለፍ። ዘንድሮ 13 ደቂቃ የፈጀባት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት 12 ደቂቃ ከገባች የሚያውቅላት ሰው ይኖራል፤ ስሟንም ለዞኑ የስፖርት ባለሙያዎች ማድረስ ይቻላል። ጫማ ብቻ ሰጥተን ከተመረቅን ግን መሻሻሏን ማን ያያል?

ሐሳቡን የምትደግፉ እህትና ወንድሞች ከዚህ ሴሚስተር ማብቂያ በፊት ተሰብስበን እንድንመክርበት ጥሪያችን ነው። አላህ ያግራልን።