ረብሻን ለይቶ የሚሸሽ ዋይፋይ

በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በባንክና በሆቴል ጣሪያ ላይ ተሰቅለው የሚታዩት የዋይፋይ ማሠራጫዎች፣ በባለሙያዎቹ አጠራር አክሰስ ፖይንቶች፣ ቤት ውስጥ ከሚቀመጠው ራውተር የሚለዩት በዋጋና በአቅም ብቻ አይደለም። ዳታ ከማመላለስ ጎን ለጎን በዙሪያቸው ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ያዳምጣሉ፤ የሚረብሽ ነገር ሲመጣ ምንነቱን ለመለየት ይሞክራሉ፤ ካስፈለገም ወደ ሌላ ቻናል ይዛወራሉ። ተጠቃሚው ይህን ሥራ አያየውም። የሚያየው የጎደለ ዕለት ነው፤ የስልኩ ሲግናል ሙሉ ሆኖ ሳለ ገጽ አልከፍት ይላል፣ የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጣል። በስልኩ ላይ ያሉት የሲግናል መስመሮች የሚያሳዩት ሞገዱ ምን ያህል ጠንክሮ እንደደረሰ ነው፤ ከሌላ ሞገድ ጋር ተደባልቆ ይሁን አይሁን አያሳዩም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት አቅራቢውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ የተቀመጠ ሌላ ዕቃ ነው።

ችግሩ ከዋይፋይ ይቀድማል። ፐርሲ ስፔንሰር የተባለው አሜሪካዊ የሬይቲዮን ኩባንያ መሐንዲስ፣ ለራዳር የሚያገለግለው ማግኔትሮን ምግብ ሊያሞቅ እንደሚችል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአትላንቲክ ሲቲ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የሚሆኑ የሞገድ ክልሎችን ለየ። በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ክልል ከእነዚህ አንዱ ነው። እዚያ ያሉት መሣሪያዎች መልእክት የሚያስተላልፉ ሳይሆኑ የሚያሞቁና የሚያደርቁ ስለሆኑ ለመገናኛ የሚመኘው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዚህና በሌሎች ሁለት ክልሎች ያለ ግል ፈቃድ በሬዲዮ መገናኘት እንዲቻል ወሰነ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ በ1997 ወጣ፤ በሰከንድ 11 ሜጋቢት የሚያደርሰው ተከታዩ ደግሞ በ1999።

ነጻነቱ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሣሪያ ባለፈቃዱን እንዳይረብሽ ይጠየቃል፤ እሱን የሚረብሸውን ግን ችሎ መኖር አለበት፣ አቤት የሚልበት የለም። ክልሉ እንደ ወል የግጦሽ መሬት ነው፤ ሁሉም ከብቱን ይነዳበታል፣ ማንም አጥር አያጥርበትም። የገመድ አልባ ስልክ፣ ብሉቱዝ፣ የሕፃናት መከታተያ፣ የደኅንነት ካሜራ፣ የማይክሮዌቭ ምድጃ፣ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉም እዚያው ናቸው።

ማይክሮዌቭ ምድጃ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ ኃይል ውስጡ ያመነጫል። አንድ አክሰስ ፖይንት በተለምዶ የሚያሠራጨው 100 ሚሊዋት፣ ማለትም የዋት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ከምድጃው ኃይል ከአሥር ሺህ አንዱ እጅ ብቻ በበሩ ጠርዝ ቢያመልጥ፣ ለሰው ጤና የማያሰጋው ይህ ቅንጣት የአክሰስ ፖይንቱን ሙሉ ኃይል ያክላል።

ዋይፋይ ረብሻን እንዴት እንደሚያስተናግድ ለመረዳት መሠረታዊ ሥርዓቱን ማወቅ ያሻል። ማንኛውም የዋይፋይ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ቻናሉ ከተያዘ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ስታንዳርዱ አድልዎ ያደርጋል። የሚሰማው ሞገድ የሌላ ዋይፋይ መሆኑን ካወቀ እጅግ ደካማ ቢሆንም ያከብረዋል፤ ምንነቱን የማያውቀውን ሞገድ ግን ዝም ብሎ የሚጠብቀው ኃይሉ ከዚያ መቶ እጥፍ ሲበልጥ ነው። ከዚህ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይመጣል። ረብሻው ጠንካራ ከሆነ አክሰስ ፖይንቱ ተራ አጥቶ ዝም ይላል። መካከለኛ ከሆነ ደግሞ ቻናሉ ክፍት መስሎት ይልካል፤ የላከውም መንገድ ላይ ይበላሻል። ሁለተኛው የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ረብሻው ከአክሰስ ፖይንቱ ርቆ ከተጠቃሚው ላፕቶፕ አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ ላኪው ምንም ሳይሰማ ተቀባዩ ይደነቁራል።

መልእክቱ መድረሱ ካልተረጋገጠለት ላኪው ደግሞ ይልካል። ደጋግሞ ካልተሳካለት ተቀባዩ የራቀ ይመስለውና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀርፋፋ ሞገድ ለመስማት ስለሚቀል ይህ ለርቀት ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ለረብሻ ግን መርዝ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር፣ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት፣ በትራንስፎርመር የሚሠራ ማይክሮዌቭ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ግማሹን ያህል ጊዜ ያሠራጫል፣ ግማሹን ያርፋል። ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ ጸጥታ አለ ማለት ነው። 1500 ባይት የያዘ አንድ የዳታ ጥቅል በሰከንድ 54 ሜጋቢት ቢላክ ከሩብ ሚሊ ሰከንድ ብዙ አይበልጥም፤ በዚያች ጸጥታ ውስጥ ብዙ ጥቅሎች ያልፋሉ። ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋቢት ከወረደ ግን ያው ጥቅል 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በ10 ሚሊ ሰከንድ ቀዳዳ ሊያልፍ አይችልም። መሣሪያው ችግሩን በተሳሳተ መንገድ ስለተረዳው ራሱን የባሰ ችግር ውስጥ ከተተ። ረብሻን ማወቅ ከመሸሽ በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው።

ተራ የዋይፋይ ቺፕ ዋይፋይ ያልሆነውን ሞገድ መተርጎም አይችልም፤ ለእሱ ሁሉም ጫጫታ ነው። ቀድሞ አንድ ድርጅት ኔትወርኩ ሲታመም ባለሙያ የስፔክትረም መለኪያ ይዞ ይመጣ ነበር። ባለሙያው እስኪደርስ ግን ምሳ የሚያሞቀው ሰው በልቶ ሄዷል፣ ካሜራው ጠፍቷል፣ መለኪያውም ንጹሕ ሞገድ ያሳያል። መፍትሔው መለኪያውን ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር ጣሪያ ላይ መስቀል ነበር። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ኮግኒዮ የተባለ የስፔክትረም ትንተና ኩባንያ ገዛ፤ በ2010 ደግሞ ክሊንኤር ብሎ የሰየመውን ቴክኖሎጂ ኤሮኔት 3500 በተባሉት አክሰስ ፖይንቶች አወጣ። በውስጣቸው ያለው ቺፕ ከዋይፋይ ሥራው ጎን ለጎን ሞገዱን በጥቃቅኑ ከፋፍሎ የሚለካ ነበር። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸውን መንገድ ያዙ። አንዳንዶቹ ዳታ የማይነካ፣ ሥራው ከቻናል ወደ ቻናል እየዞረ ማዳመጥ ብቻ የሆነ ተጨማሪ ሬዲዮ ለአክሰስ ፖይንቱ ይሰጡታል። ይህ ቁም ነገር ያለው ልዩነት ነው፤ ለማዳመጥ የተለየ ሬዲዮ የሌለው አክሰስ ፖይንት ሌሎች ቻናሎችን ለመስማት ተጠቃሚዎቹን ለአፍታ ትቶ መሄድ አለበት።

ለመለየት የሚቻለው እያንዳንዱ መሣሪያ በሞገድ ላይ የሚተወው የራሱ አሻራ ስላለው ነው። ማይክሮዌቭ ከኤሌክትሪኩ ምት ጋር ይበራል፣ ይጠፋል፤ ሲበራም ፍሪኩዌንሲው አንድ ቦታ አይረጋም። ብሉቱዝ በመሠረታዊ አሠራሩ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋኸርዝ በሆኑ 79 ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ ይዘላል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚቆየው 625 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አናሎግ የቪዲዮ ካሜራ ደግሞ ለአፍታ አያርፍም፤ ያለበትን ቻናል ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። ቺፑ የሞገዱን ስፋት፣ የምቱን ርዝመት፣ የድግግሞሹን ሥርዓት ይለካና ከሚያውቃቸው አሻራዎች ጋር ያስተያያል። ብዙ አክሰስ ፖይንቶች አንዱን ካሜራ በአንድ ጊዜ ቢሰሙት ማዕከላዊው ተቆጣጣሪ ዘገባቸውን አገናዝቦ አንድ መሣሪያ መሆኑን ይረዳል፤ ለእያንዳንዳቸው የደረሰውን ኃይል በማነጻጸርም በሕንፃው ፕላን ላይ በግምት የት እንዳለ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ከመለየቱ የበለጠ ማመዛዘን ይጠይቃል። ቻናል መቀየር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አሜሪካን በመሰሉ አገሮች 1፣ 6 እና 11። አንዱ አክሰስ ፖይንት ከ6 ወደ 11 ቢሸሽ 11 ላይ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፣ ያም ተነሥቶ ሌላውን ያፈናቅላል፣ ሕንፃው ሁሉ ይናወጣል። በየዝውውሩም ተጠቃሚዎች ይጉላላሉ። አክሰስ ፖይንቱ ወደ የትኛው ቻናል፣ መቼ እንደሚሄድ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ብዙ ስልኮች ማስታወቂያውን ሰምተው ይከተላሉ፣ አንዳንዶች ግን ተቋርጠው እንደ አዲስ ይገናኛሉ። በዚያች ደቂቃ በዋይፋይ ስልክ የሚነጋገር ነርስ ካለች ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ኮሽታ አይደነግጥም። ለሁለት ደቂቃ ምግብ የሚያሞቅ ማይክሮዌቭ ሲመጣ መቆየት ይሻላል፤ የማያርፍ ካሜራ ሲመጣ ወዲያው መውጣት። ምድጃው በየቀኑ በምሳ ሰዓት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሥርዓቱ ያስታውሰዋል፤ የዚያን አካባቢ ቻናል ሲመድብ፣ ምድጃው በማይሠራበት ሰዓትም ቢሆን፣ ይቆጥረዋል። የአምራቾች ማስታወቂያ የሚኩራራው በፍጥነት መሸሽ ነው፤ ለተጠቃሚው የሚጠቅመው ግን መሸሽ የማያስፈልግበትን ጊዜ ማወቁ ነው።

በ5 ጊጋኸርዝ ክልል መሸሽ ምርጫ መሆኑ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ከዚህ ክልል ሰፊ ድርሻ ለዋይፋይ ሲፈቅድ፣ የቀደሙት ባለቤቶች ራዳሮች ስለነበሩ ራዳር በሚሠራባቸው ቻናሎች ላይ ዋይፋዩ አድምጦ እንዲለቅ ግዴታ ተጣለ። በአሜሪካ ደንብ አክሰስ ፖይንቱ እንዲህ ያለ ቻናል ከመጠቀሙ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት። እየሠራ ሳለ የራዳር ምት ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ ይወጣል፤ ለ30 ደቂቃም ወደዚያ አይመለስም። በአውሮፓ ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው የአየር ጠባይ ራዳሮች ክልል ቅድመ ማዳመጡ 10 ደቂቃ ነው።

የግዴታው ምክንያት የሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የዴልታ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 191 ዳላስ ሊያርፍ ሲል በድንገተኛ ቁልቁል ነፋስ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ፣ አሜሪካ በአውሮፕላን ማረፊያዎቿ አካባቢ እንዲህ ያለውን ነፋስ የሚያዩ ራዳሮች ተከለች። በ2009 በፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ያለው ራዳር መረበሹ ታወቀ፤ ምንጩ ከቤት ውጭ የተተከሉ የ5 ጊጋኸርዝ ገመድ አልባ መሣሪያዎች ነበሩ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጥፋተኞች ሆነው ባገኛቸው ላይ ቅጣት ጣለ። የመሣሪያው የአገር ቅንብር እዚህ ላይ ትርጉም አለው። በየትኛው ቻናል፣ በምን ያህል ኃይል፣ በምን ዓይነት የራዳር ጥንቃቄ እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚህ ቅንብር ነው። ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ አገሮች የመጣ አክሰስ ፖይንት አዲስ አበባ ላይ ሲተከል ቅንብሩ ከኢትዮጵያ ደንብ ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የራዳር አድማጩ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ራዳር በሌለበት ራዳር ሰማሁ ብሎ ይወጣል። ይህ ያሰለቻቸው አስተዳዳሪዎች እነዚህን ቻናሎች ጭራሽ ይተዋሉ። ለአንዳንድ ሕንፃ ትክክል ሊሆን ቢችልም የሰፊ ክልል ብክነት ነው።

ቻናል ሳይቀይሩ ረብሻን የማምለጫ መንገዶችም አሉ። ብዙ አንቴና ያለው አክሰስ ፖይንት ሞገዱን ወደ ተጠቃሚው ያነጣጥራል። በዋይፋይ 6 እያንዳንዱ ኔትወርክ ከ1 እስከ 63 የሆነ መለያ ቁጥር ይይዛል፤ መሣሪያው የሩቅ ጎረቤቱን መልእክት ከራሱ ለይቶ፣ ደካማ ከሆነ ሳይጠብቅ ይናገራል። በዋይፋይ 7 ደግሞ ከ80 ሜጋኸርዝ ቻናል 20ው ብቻ ከተረበሸ የተበላሸውን ክፍል ትቶ በቀረው መሥራት ይቻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዋይፋይ የከፈተችው 1200 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው የ6 ጊጋኸርዝ ክልል ሌላ ልማድ አመጣ። በከፍተኛ ኃይል የሚሠራ አክሰስ ፖይንት ያለበትን ቦታ ለአንድ የመረጃ ቋት ያሳውቃል፤ ቋቱም በአካባቢው ባለፈቃድ የማይክሮዌቭ መገናኛ መኖሩን አይቶ የትኞቹን ቻናሎች መጠቀም እንደሚችል ይነግረዋል። እዚህ ማዳመጥ ብቻውን አልታመነም።

የአክሰስ ፖይንቶቹ ችሎታ ለክፉም ውሏል። ብዙዎቹ ያልተፈቀደ ዋይፋይ ሲያገኙ ተጠቃሚዎቹን የሚያላቅቅ የሐሰት መልእክት መላክ ይችላሉ። ዓላማው የድርጅቱን ስም አስመስሎ የተከፈተ አታላይ ኔትወርክን ማገድ ነበር። በናሽቪል ያለው የጌሎርድ ኦፕሪላንድ ሆቴል ግን እንግዶች በገዛ ስልካቸው የከፈቱትን ኢንተርኔት ለማቋረጥ ተጠቀመበት። ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩን ለመቋጨት 600,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በወል ሞገድ ላይ የሌላውን ሰው ሕጋዊ መገናኛ ሆን ብሎ ማቋረጥ ረብሻን መከላከል አይደለም፤ ራሱ ረብሻ ነው።

የትኛውም አክሰስ ፖይንት የረብሻውን ምንጭ ሊያጠፋው አይችልም። ካሜራው በሁለተኛ ፎቅ መጋዘን አጠገብ መሆኑን ካሳየ በኋላ ሄዶ ነቅሎ በገመድ በሚሠራ መተካቱ፣ በሩ የላላውን ማይክሮዌቭ መቀየሩ፣ አዲስ ዕቃ ሲገዛ በየትኛው ክልል እንደሚሠራ መጠየቁ የሕንፃው አስተዳደር ሥራ ነው። የረብሻ ዘገባው የሚጠቅመው በየሳምንቱ ከፍቶ የሚያነበው ሰው ሲኖር ነው፤ በብዙ ድርጅቶች ይህ ሥራ ለማንም በስም ተለይቶ አልተሰጠም።