ስንዝር የምታህል አር-7

አር-7 የተባለውን የሶቪየት ሮኬት አሳንሶ ለመሥራት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህ ሮኬት ለመነሣት ሲዘጋጅ ጅራቱ ላይ አይቆምም። ባይኮኑር በተባለው የማስወንጨፊያ ሥፍራ፣ ከእሳት መውረጃው ጉድጓድ በላይ፣ አራት የብረት ክንዶች ወገቡን ይዘው አንጠልጥለውት ይቆያሉ። ሞተሮቹ ጉልበት አግኝተው ክብደቱን ሲያነሡለት ክንዶቹ በራሳቸው ሚዛን ተስበው ወደ ውጭ ይከፈታሉ። በቭላድሚር ባርሚን መሪነት የተሠራው ይህ ማስወንጨፊያ እንደ አበባ ስለሚከፈት «ቱሊፕ» ይባላል። የሮኬቱን ቅርጽ የወሰነው ሸክሙ የሚያርፍበት ቦታ ነውና፣ ይህን ያልተረዳ እጅ የሚሠራው ሞዴል መልኩ ቢመስልም አካሉ ልክ አይመጣም።

አር-7 በሰርጌይ ኮሮልዮቭ መሪነት የተነደፈው አህጉር ተሻጋሪ ሚሳኤል እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1957 የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ፤ ነሐሴ 21 ተሳካ። ጥቅምት 4 (በእኛ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.) ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ይዞ ወጣ። ይህ የሞስኮ ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ መቀየር አያስፈልገውም። ለስፑትኒክ የተዘጋጀው ሮኬት አጠር ያለ ሾጣጣ ክዳን ስላለው ቁመቱ ከ29 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ነዳጁን ሞልቶ ሲነሣ ክብደቱ 267 ቶን ነበር። በ1 ለ144 ልኬት 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ይሆናል። መልኩ ለዓመታት የመንግሥት ምስጢር ሆኖ ኖሯል። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው የቮስቶክ ሮኬት እ.ኤ.አ. በ1967 ፓሪስ አጠገብ ለ ቡርዤ ላይ በአደባባይ እስኪቆም ድረስ፣ በውጭ አገር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በግምት ነበር የሚቀርጹት።

እንዲህ ያለው ሞዴል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሬዚን ከሚባል፣ ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ከሚጠነክር ነገር ነው፤ ሬዚን የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ፕላስቲክ የሚያፈሱት በውድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ነው፤ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ሺህ ቅጂ መሸጥ አለበት። የጥንት ሮኬት የሚፈልግ ሰው ያን ያህል አይገኝም። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ አንድ ክፍል በእጁ አሳምሮ ይቀርጻል፤ በላዩ ፈሳሽ ሲሊኮን ያፈስበታል፤ ሲሊኮኑ ሲጠና ዋናውን አውጥቶ በባዶው ቦታ ሁለት ፈሳሾችን ቀላቅሎ ይሞላል። ቅልቅሉ እየሞቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ጠላቱ አየር ነው። አረፋ ከቀረበት የቀጭኑ ጫፍ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል፤ ለዚህም ብዙዎች የተሞላውን ቅርጽ በታመቀ አየር በርሜል ውስጥ አስቀምጠው አረፋውን ያጠፉታል። ሲሊኮኑ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ከተፈሰሰበት በኋላ መቀደድ ይጀምራል። አንድ የሬዚን ሞዴል በእጅ የተሠራ ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ከሣጥኑ ሲወጣ እንኳ የሰሪው ጣት አለበት።

ሥራው የሚጀምረው በለብታ ውኃና በሳሙና በማጠብ ነው፤ ከሲሊኮኑ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ ሬዚኑ የተፈሰሰበት ትርፍ ጉቶ በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ብርጭቆ ወረቀቱ ሁልጊዜ ውኃ የነካው መሆን አለበት፣ አፍንጫና አፍም ይሸፈን፤ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፣ በዚህ ላይ ቸል የሚባል ነገር የለም። የተጣመመ ክፍል ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲለሰልስ ይቀናል፣ በቀዝቃዛ ውኃም ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የተለመደው የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያያይዝ ስለሆነ ሬዚን ላይ አይሠራም። ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ያስፈልጋል፤ ሸክም ባለበት መጋጠሚያ ደግሞ ቀዳዳ በስቶ የናስ ሽቦ ማስገባት ይበጃል።

ልብ የሚያርፍበት ቦታ ግን ከታች ነው። ሮኬቱን ገልብጦ ያየ ሰው 20 ትልልቅ ኖዝሎችና (የእሳት መውጫ አፎችና) 12 ትንንሽ መሪ ኖዝሎች ይቆጥራል። ሞተሮቹ ግን አምስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በመሐሉ ግንድ፣ አራቱ ግንዱን ከበው በታሰሩት ጎን ሮኬቶች ላይ። የሞተሩ ንድፍ አውጪ ቫለንቲን ግሉሽኮ ግዙፍ የማቃጠያ ክፍል ሲሞክር እሳቱ እየተናወጠ አስቸገረው። ስለዚህ ለአንድ ሞተር አራት አነስተኛ ክፍሎች ሰጥቶ ሁሉንም በአንድ ተርቦ ፓምፕ መገባቸው። ነዳጁ የላምባ ዘመድ የሆነው ኬሮሲን ነው፣ ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር። አምስቱም ሞተሮች መሬት ላይ እያሉ ይለኮሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ሞተርን ሽቅብ ወጥቶ አየር በሌለበት ማስነሣት አስተማማኝ አልነበረም። በ1 ለ144 አንዷ ትልቅ ኖዝል የምስር ፍሬ ታክላለች። ከሣጥኑ የሚወጡት አንዳንዴ የተደፈነ አፍ አላቸው፤ በእጅ መሰርሰሪያ ቀስ ብሎ መክፈት ጣት ያደክማል፣ ነገር ግን ያንን ጥልቀት ቀለም ብቻውን አያመጣውም። ሃያውንም እንድትከፍቱ አጥብቄ እመክራለሁ።

አራቱ ጎን ሮኬቶች ወደ ላይ እየሾጠጡ ሄደው በድቡልቡል ጫፍ ያበቃሉ። ያ ጫፍ በመሐሉ ግንድ ላይ በተዘጋጀ ጎድጓዳ ማረፊያ ይገባል፤ አራቱ ሞተሮች የሚገፉት ሁሉ በእነዚህ አራት ነጥቦች በኩል ወደ ግንዱ ይተላለፋል። ግንዱ ልክ ከዚያ በላይ ወደ 3 ሜትር የሚደርስ ስፋት ይዞ ወደ ታች የሚቀጥነው ጎን ሮኬቶቹ እንዲያርፉበት ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ከበረሩ በኋላ የታችኛው ማሰሪያ ይፈታል፣ እግራቸው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ጫፋቸው ከማረፊያው ይወጣል፤ ከዚያም በአናታቸው ያለው ቀዳዳ ተከፍቶ የቀረው የኦክስጅን ጋዝ ከግንዱ ገፍቶ ያርቃቸዋል። አራቱ ሲበተኑ በሰማይ የሚሠሩት ቅርጽ «የኮሮልዮቭ መስቀል» ይባላል። በሞዴሉም ላይ አንዱ ጎን ሮኬት በትንሹ ቢያዘነብል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በካርቶን ላይ ቀጥ ያለ መስቀል ሥሎ፣ ግንዱን በመሐሉ አቁሞ፣ ትይዩ የሆኑትን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣበቅ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

ስለ ቀለሙ ክርክር አያልቅም፤ ስፑትኒክ የወጣችበት ምሽት ሥዕሎች ጥቁርና ነጭ ናቸውና። ለትርዒት የቆሙ ሮኬቶች ደግሞ በየጊዜው ስለሚቀቡ ጥሩ ምስክር አይደሉም። እኔ ደብዘዝ ያለ ግራጫን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ በረዶው ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ታንኩ ሲሞላ የአየሩ እርጥበት በቆዳው ላይ ነጭ አመዳይ ይሆናል። የኦክስጅኑ ታንክ በግንዱም በጎን ሮኬቶቹም ከኬሮሲኑ በላይ ስለሆነ ነጩ ከላይ፣ ባዶው ብረት ከታች ይታያል። ሮኬቱን ሙሉ በሙሉ ነጭ መቀባት እንግዲህ ስሕተት ነው። ነጩ በጣም ቀጭን ሆኖ በስፕሬይ ደጋግሞ ይረጫል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል።

ግንዱ ራሱ ከስፑትኒክ ጋር ምሕዋር ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚያ መኸር በየአገሩ ሰዎች ወደ ሰማይ አንጋጠው በባዶ ዓይናቸው ያዩት ተንቀሳቃሽ ብርሃን በአብዛኛው ይህ ግንድ ነው፤ ስፑትኒክማ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ስለነበረች በባዶ ዓይን ለማየት እጅግ ታስቸግራለች። ሁለት ቅጂ የገዛ ሰው ካለ ሁለተኛውን ያለ ጎን ሮኬቶችና ያለ ሾጣጣ ክዳን ይሥራው፣ ኳሷንም ከፊቱ ያስቀምጥ። በዚህ ልኬት 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ዶቃ ትበቃለች፤ አራቱ አንቴናዎች ሁለቱ 17፣ ሁለቱ 20 ሚሊ ሜትር ሆነው ከሚገኘው ሽቦ ሁሉ በቀጭኑ ይቆረጡ።