የአንጀት ካንሰር፣ ዘርና ዘረመል፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?



ቻድዊክ ቦዝማንን ብዙዎቻችን «ብላክ ፓንተር» በተሰኘው ፊልም እናውቀዋለን። ይህ ተዋናይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2020 በትልቁ አንጀት ካንሰር ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ዕድሜው 43 ዓመት ብቻ ነበር። በሽታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ከሞቱ በኋላ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሣ፤ «ይህ በሽታ ጥቁሮችን አብልጦ የሚያጠቃው በደማቸው ያለ ነገር ስላለ ነው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚል አንድ ቃል የሚቋጭ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሮች፣ ዘረመልና ኑሮ የሚነግሩንን በየተራ እንመልከት።

ከቁጥሮቹ እንጀምር። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ሦስተኛው፣ ሕይወት በማጥፋት ደግሞ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሕሙማን እንደተመዘገቡ፣ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎችም እንደሞቱ ተገምቷል። በአሜሪካ ጥቁሮች ከነጮች ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ20 በመቶ ገደማ፣ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የአላስካ ነባር ሕዝቦችም በዓለም ላይ ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት የበሽታው መጠኖች አንዱን ይሸከማሉ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 20ንና 40ን፣ ልብ በሉልኝ። የመያዝ ልዩነቱ 20 ሆኖ የመሞት ልዩነቱ 40 ከሆነ፣ ክፍተቱ የሚሰፋው ሰው ከታመመ በኋላ ጭምር ነው ማለት ነው። በሽታው መቼ ተገኘ? ሕክምናው በወቅቱ ተጀመረ? እስከ መጨረሻውስ ተሰጠ? እነዚህ ጥያቄዎች ከዘረመል በፊት መጠየቅ አለባቸው።

ሌላም ማስረጃ አለ። በዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በአፍሪካ ገጠሮች ይህ ካንሰር እጅግ ብርቅ መሆኑን አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1971 ምክንያቱን ከምግብ አሰር ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አሳተመ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በግፍ የተወሰዱ ናቸው። በሽታው በዘር ሐረግ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ፣ አሜሪካ ያለው የልጅ ልጅ አፍሪካ ገጠር ያለውን ዘመዱን በመሰለ ነበር፤ ግን አልመሰለም። ከጃፓን ወደ ሃዋይና ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰዎችም ተመሳሳይ ታሪክ ይነግሩናል። በትውልድ አገራቸው በሽታው አነስተኛ በነበረበት ዘመን የተሰደዱት ጃፓናውያን፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ የተቀባዩን አገር መጠን ደረሱበት። በአንድ ትውልድ ውስጥ ጂን አይለወጥም፤ ማዕድ ግን ይለወጣል።

ታዲያ ዘረመል ምንም ድርሻ የለውም ማለት ነው? በፍጹም። እዚህ ላይ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግመው የሚያምታቱትን አንድ ልዩነት ላስታውስ። ከወላጅ የሚወረስ የዘረመል ለውጥ አለ፤ በሕይወት ዘመን በአንጀት ሴል ውስጥ የሚፈጠር ለውጥ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ የሰውነት ሴል ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው የሚገኘው በዕጢው ውስጥ ብቻ ነው፤ ለልጅም አይተላለፍም።

በውርስ ከሚመጡት ዋነኛው ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ዲኤንኤ ሲባዛ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚያርሙት ጂኖች፣ ማለትም ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲጎድል ይከሰታል። ከአንጀት ካንሰር ሕሙማን ውስጥ 3 በመቶ ያህሉ የዚህ ተሸካሚዎች ናቸው። ሊንች ሲንድሮም በአውሮፓ፣ በእስያም ሆነ በአፍሪካ ቤተሰቦች ውስጥ ይገኛል፤ የቆዳ ቀለም አይመርጥም።

አንዳንድ ለውጦች ግን በተወሰኑ ሕዝቦች ውስጥ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በኤፒሲ ጂን ላይ የተገለጸው አይ1307ኬ የተባለው ለውጥ ከአሽኬናዚ አይሁድ 6 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ የመታመም ዕድልንም በመጠኑ ይጨምራል። የዚህ ምክንያቱ ጥቂት ቅድመ አያቶች የነበሩት ማኅበረሰብ ለብዙ ትውልድ በውስጡ ሲጋባ መኖሩ ነው። እንግዲህ የሚወስነው የቤተሰብና የማኅበረሰብ የጋብቻ ታሪክ ነው እንጂ «ነጭ» ወይም «ጥቁር» የሚለው ስያሜ አይደለም።

ወደ ዕጢው እንሂድ። ፊሮንና ቮግልስታይን እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳብራሩት፣ ይህ ካንሰር በአንድ ጀምበር አይፈጠርም። ኤፒሲ፣ ኬራስ፣ ቲፒ53 በተባሉ ጂኖች ላይ ለውጦች ሲደራረቡ፣ ትንሽ ፖሊፕ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶ ወደ ካንሰር ያድጋል። በጥቁር አሜሪካውያን ዕጢዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የኬራስ ለውጥ በርከት፣ ቢራፍ ቪ600ኢ የተባለው ለውጥ ደግሞ አነስ ብሎ እንደሚታይ፣ ዕጢውም በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል አዘውትሮ እንደሚገኝ ያመለክታሉ። ይህ ለሐኪም ተራ ዝርዝር አይደለም። ኬራስ የተለወጠበት ዕጢ ሴቱክሲማብን ለመሰሉ መድኃኒቶች አይበገርም። በቀኝ በኩል ያለ ዕጢ ደግሞ የግራውን ክፍል ብቻ በሚያይ አጭር መሣሪያ ሲመረመሩ ሳይታይ ያልፋል፤ ሙሉ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልጋል። ሆኖም እነዚህ ለውጦች የተፈጠሩት በዕጢው ውስጥ መሆኑን አንርሳ። የሚወረስ ባሕርይን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ የአመጋገብ፣ የትምባሆ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ወይም የዘገየ ምርመራ አሻራም ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን «ዘር» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምር። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል እንደሚገኝ አሳየ። ከሁሉም አህጉራት ደግሞ የላቀ የዘረመል ስብጥር ያለው በአፍሪካ ነው። ይሁንና በአሜሪካ የሕክምና ቅጽ ላይ ከጎንደር ወይም ከወላይታ ሄዶ በዋሽንግተን የሚኖር ሰውና ቅድመ አያቶቹ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋሉ። ቅጹ ሁለቱንም «ጥቁር» ይላቸዋል። የዘር ሐረጋቸው፣ ያደጉበት ማዕድ፣ የቤተሰባቸው የበሽታ ታሪክ ግን የተለያየ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ ተመራማሪዎች ዘርን የዘረመል ልዩነት ምትክ አድርገው እንዳይጠቀሙበት የመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር ከመረጃው ይነሣል። የበሽታውን ተጋላጭነት ለመተንበይ የሚያገለግሉት ሰፋፊ የዘረመል ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ከእነዚህ ጥናቶች የተቀመረ የተጋላጭነት ነጥብ ለአፍሪካዊ ሲሰላ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ዘር የሕይወት ሳይንስ አይደለም» ብለን አፍሪካውያንን ከጥናት ብናስቀር፣ ያው በደል በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ኑሮ የሚያመጣውን ልዩነት በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ስቲቨን ኦኪፍና ባልደረቦቹ 20 የፒትስበርግ ጥቁር አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ለ2 ሳምንት ምግብ አቀያየሯቸው። የአሜሪካውያኑ የቀን አሰር ከ14 ወደ 55 ግራም ሲያድግ፣ የአፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ግራም ወረደ። በእነዚህ ጥቂት ቀናት በአሜሪካውያኑ አንጀት ውስጥ ቡቲሬት የተባለው፣ የአንጀትን ሴል የሚመግብና ከካንሰር ይከላከላል ተብሎ የሚታመነው ንጥረ ነገር 2.5 እጥፍ ጨመረ፤ በአፍሪካውያኑ በግማሽ ቀነሰ። የአንጀት ግድግዳ ብግነትና የሴሎቹ የመባዛት ፍጥነትም አብረው ተለወጡ። ጥናቱ ካንሰርን ሳይሆን የካንሰርን ጠቋሚዎች ነው የለካው። ያም ሆኖ የሰዎቹ ጂን ሳይነካ አንጀታቸው እንደተለወጠ አሳይቷል።

ስለ ሞት ልዩነቱ ደግሞ የዴላዌርን ግዛት ተመልከቱ። ግዛቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ነዋሪዎቹን ለቅድመ ምርመራ ጠራ፤ ኢንሹራንስ ለሌላቸው የምርመራና የሕክምና ወጪ ሸፈነ፤ ሕሙማንን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ የሚመሩ ነርሶች መደበ። በ2009 የጥቁሮች የምርመራ ሽፋን ከ48 ወደ 74 በመቶ ከፍ ብሎ ከነጮቹ ጋር እኩል ሆነ። ከጥቁር ሕሙማን መካከል በሽታው ከአንጀት አልፎ ከተሠራጨ በኋላ የሚገኝባቸው ከ79 ወደ 40 በመቶ ወረዱ። የሞት መጠናቸውም በ42 በመቶ ቀንሶ ከነጮቹ ጋር ለመተካከል ተቃረበ። በእነዚያ ዓመታት በዴላዌር የማንም ጂን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሕክምናው በር ነው።

ለእኛስ ምን ይቀራል? የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተጀመረ ወዲህ፣ ይህ በሽታ በከተማዋ ወንዶች ላይ ከሚታዩት ዋና ዋና ካንሰሮች አንዱ መሆኑን አውቀናል። «የአፍሪካ ሕዝብ አይነካውም» የሚለው የበርኪት ዘመን መጽናኛ የገጠር ማዕድና የገጠር ሥራ ውጤት ነበር እንጂ የደም ቃል ኪዳን አልነበረም። ከሰገራ ጋር ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለዓመታት ሲታገሥ፣ በየቤቱም «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ የሟች ታሪክ ሲዘጋ፣ ዘረመሉም ኑሮውም ሳይመረመር ይቀራል። በአሜሪካ ለሁሉም ሰው የምርመራ መነሻ ዕድሜ ወደ 45 ዝቅ ብሏል፤ የቅርብ ዘመዱ በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ እንዲመረመር ይመከራል።

ውድ ተማሪዎቼ፤ ነገ በሽተኛ ፊት ስትቀመጡ ወይም የጥናት ቅጽ ስታዘጋጁ «ዘርህ ምንድን ነው?» በሚለው ጥያቄ አትቁሙ። ከቤተሰብህ ማን፣ በስንት ዓመቱ ታመመ? ምን ትበላለህ? ለመመርመር ስንት ኪሎ ሜትር ትጓዛለህ? ክፍያውንስ ማን ይከፍልልሃል? ብላችሁ ጠይቁ። «በደማችን አለ» የሚለው መልስ ሰውን ተስፋ አስቆርጦ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ምርመራ ይወስደዋል።