ቀበጥ፣ ኩሩ፣ ባለ ርስት፦ የሰሜን ሸዋ ደጋ ኰረዳ ምርጫ በልቦለድና በኑሮ

የተማሪዎችን የፈጠራ ድርሰት የሚያርም መምህር አንድ ታሪክ በየዓመቱ ይገጥመዋል። አንዲት ቆንጆ ኰረዳ አለች፤ ቁንጅናዋንም ታውቀዋለች። ሁለት ወንዶች ይፈልጓታል። አንደኛው ባለጸጋ ነው፤ ሌላው ድኻ ቢሆንም ከልቡ ይወዳታል። ልጅቷ በከንቱ ተመክታ ባለጸጋውን ትመርጣለች፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ታለቅሳለች። መቼቱ ከተማ ሲሆን ባለጸጋው መኪና ይነዳል፤ ገጠር ሲሆን ደግሞ ብዙ ከብት አለው። ከዚህ በቀር ሴራው አይለወጥም። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የመጡ ተማሪዎች የሚጽፉትም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ እኔን የሚያስገርመኝም ይህ ነው። ምክንያቱም እነዚህ ልጆች ያደጉበት አገር የጋብቻና የመሬት ሥርዓት ይህንን ታሪክ እንደዚህ አቅልሎ ለመጻፍ የሚመች አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የገጸ ባሕርይዋን ምርጫ ከዚያ ሥርዓት አንጻር ለማብራራት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሟ። ተማሪዎቻችን «ከንቱ» የሚሏት ልጅ በደገኛው አንደበት ከንቱ አትባልም። «ከንቱ» ከግዕዝ የመጣና በመጽሐፈ መክብብ የታወቀ ቃል ሲሆን፣ ፍሬ የሌለውንና ኀላፊውን ነገር ሁሉ ያመለክታል። ስለ ዓለም እንጂ ስለ አንዲት ጎረምሳ አሳባቂ ልጅ የሚነገር ቃል አይደለም። ለልጅቷ የሚሆኑት ቃላት ሌሎች ናቸው። በድሎት ያደገችው «ቅምጥል» ናት። ወግ የማታውቀው፣ ያገኘችውን የምታጣጥለው «ቀበጥ» ትባላለች። ማንንም የማትለማመጠው ደግሞ «ኩሩ» ናት። እነዚህ ሦስቱ ቃላት አንድ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ሦስቱንም ልትባል ትችላለች። ሽማግሌ ልኮ የተመለሰበት ቤት «ቀበጥ» ይላታል፤ የገዛ ወገኗ «ኩሩ» ይላታል። ስለዚህ አንድ ደራሲ ከሦስቱ ቃላት አንዱን ሲመርጥ ለማን ወግኖ እንደሚተርክ እያሳየን ነው። ይህን ሳይገነዘብ የሚጽፍ ተማሪ የከሸፈውን ጠያቂ ዐይን ተውሶ ይጽፋል።

የመስተዋቱና የቀሚሱ ነገርም እንዲሁ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ምሳሌያዊ ንግግር የማያውቅ የለም። በደጋው አገር ኰረዳ በአደባባይ የምትታይባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም ዋነኛው ጥምቀት ነው። የሠርጉ ወራት ጥርና የካቲት ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሚያልቅ ስለሆነ፣ የጥር 11 ቀን መታየት ለዚያው ዓመት ወይም ለሚቀጥለው መታጨት ማለት ነው። ሹሩባውን ማሳመር፣ ቅቤውን መቀባት፣ ጥልፍ ቀሚሱን መልበስ የእናትየዋም የቤተሰቡም ሥራ ነው። ልጅቷ ራሷን ብትወድ ማን ይፈርድባታል? ግን ያ ሁሉ ጌጥ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ እርሷ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ሀብቱ። አንድ የግሼ ልጅ በጻፈው አጭር ልቦለድ ውስጥ ኰረዳዋ ሽማግሌ የላከባትን ሰው በተመለከተ «ስንት በሬ አለው?» ብላ ትጠይቃለች። ጽሑፉ በክፍል ሲነበብ የከተማዎቹ ተማሪዎች ሣቁ፤ ስግብግብነቷን ለማሳየት የተጨመረ መስሏቸው ነበር። ጸሐፊውም ቢሆን ያሰበው ያንኑ ነው። ነገር ግን ያ ጥያቄ ከታሪኩ ሁሉ እውነተኛው ዐረፍተ ነገር ነበር። በመንዝ ደጋ አንድ ገበሬ ሁለት በሬ ካለው በጊዜው ያርሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ ተራ ጠብቆ ያርሳል፤ ይህ «መቀናጆ» ይባላል። ጭራሹን በሬ የሌለው መሬቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትርን የሚያልፍ ሥፍራ የበዛበት፣ ውርጭ ገብሱን የሚመታበት፣ ብዙው ሰው በበልግ ዝናብ የሚተማመንበት ነው። በልግ ደግሞ አጭር ነው፤ በልግ ላይ ተራ የሚጠብቅ በሬ ዘር ያዘገያል፤ የዘገየ ዘር ውርጭ ይጠብቀዋል። «ስንት በሬ አለው?» ማለት እንግዲህ «ልጆቼ በነሐሴ ምን ይበላሉ?» ማለት ነው። ወደ መርሐ ቤቴ ቆላ ሲወረድ ሰብሉ ወደ ማሽላና ጤፍ ቢለወጥም ጥያቄው አይለወጥም።

ከበሬው በስተጀርባ መሬቱ አለ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በነበረው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው ከአቅኚ አባት በመውረዱ የመሬት ድርሻ ይጠይቅ ነበር፤ ትውልዱም በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ሴት ልጅም ርስት ትወርሳለች፤ ባሏን ብትፈታ ርስቷ ከእርሷ አይለይም። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፉ መንዝን በሰፊው ያጠናው አገሩ የዚህ ሥርዓት ዐይነተኛ መገኛ ስለሆነ ጭምር ነው። እንግዲህ የተማሪዎቻችን ታሪክ እዚህ ላይ ይናጋል። በታሪካቸው ውስጥ ሀብት ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከመልኳ በቀር ምንም የላትም። በርስት አገር ግን ልጅቷ ራሷ ባለ ሀብት ናት። «ከልቡ የሚወዳት» የተባለው ድኻ ጎረምሳ በእርሷ በኩል ለሚወለዱት ልጆች ርስት እንደሚያገኝ ያውቃል። እንዲያውም ፍቅሩ እስከ ምን ድረስ ለእርሷ፣ እስከ ምን ድረስ ለመሬቷ እንደሆነ መጠየቅ የነበረባት እርሷ ናት። ይህን ጥያቄ የምትጠይቅ ኰረዳ በተማሪ ድርሰት ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም።

የሰማንያ ጋብቻ ውልም ይኸንኑ ያንጸባርቃል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሁለቱም ወላጆች የሚሰጡት ከብት ይቆጠራል፤ አቻ ለአቻ እንዲሆን ይደረጋል። ዘሩም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። ጥሎሹ የሙሽራዋ ልብስና ጌጥ ነው። ፍቺ ሲመጣ እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ይወስዳል፤ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ያሉት ቴያትራቸው ርእስ ተመልካቹን ወዲያው የሚነካው «አቻ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ቆጠራ ስለሚያስታውሰው ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ታዲያ የምትመርጠው መቼ ነው? በእኔ አስተያየት ልቦለዶቻችን የዘለሉት ነገር እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን ጋብቻ የሚወስኑት ወላጆች ነበሩ። ልጅቷ ብዙ ጊዜ የምትዳረው ለምርጫ ባልደረሰ ዕድሜ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ያስቀመጠው ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ በገጠሩም ከዚያ በታች መዳር የተለመደ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ሠርግ ላይ «ሀብትን መረጠች» ብሎ ኰረዳዋን መክሰስ ያልሰጧትን ሥልጣን ሰጥቶ መልሶ መውቀስ ነው። ይሁን እንጂ በሰማንያ አገር ፍቺ ብርቅ አልነበረም። ባሏን የፈታች ሴት ርስቷን፣ ድርሻ ከብቷንና ዕድሜዋን ይዛ ወደ ወገኗ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ባል ሽማግሌ ቢላክም፣ ቃሉ የእርሷ ነው። ሀብትና ፍቅር በእውነት ፊት ለፊት የሚገናኙት በዚህች ሴት ልብ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ታውቀዋለች፤ ሀብት ያለ ፍቅር ምን እንደሚመስል፣ ፍቅርም ያለ በሬ ስንት ክረምት እንደሚዘልቅ ለመመዘን ዕውቀት አላት።

እንዲህ ያለችው ሴት ስም «ጋለሞታ» ነበር። በጥንቱ አነጋገር ባል የሌላት፣ የፈታች ሴት ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ ስድብ ሆኗል፤ ተማሪዎችም ከስድብነቱ ሌላ ትርጉም አያውቁለትም። አንድ ቋንቋ ለምርጫ ነጻ የሆነችውን ሴት የሚጠራበትን ቃል ለዝሙት አዳሪ ሲሰጠው፣ ሥነ ጽሑፉ ስለ እርሷ ለመጻፍ የሚቸገር መሆኑ አያስደንቅም። ከዚያ ይልቅ ድንግል ኰረዳ ላይ መጻፍ ይቀላል።

ከዚህ አካባቢ የወጡትን ደራስያን ብንመለከት ጉዳዩ ከጥንት ጀምሮ እንዳሳሰባቸው እናያለን። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ ዐሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ያነሡት ያለ ዕድሜ የሚፈጸመውን ጋብቻ ነበር። እርሳቸው ወቀሳውን ያደረጉት በሥርዓቱ ላይ እንጂ በልጅቷ ቅብጠት ላይ አይደለም፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣነው ወደ ኋላ የሄድን ይመስላል። በመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል ደግሞ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ወደ አማርኛ መለሱ። የዡልየት ወላጆች ያጩላት ባለ ማዕርግ ፓሪስ ሲሆን፣ እርሷ ግን የጠላት ቤት ልጅ ትመርጣለች። የቤተሰብ ውልና የደም ቂም የሚያውቅ የመንዝ አንባቢ ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ የሚያየው አይመስለኝም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መቼቱ ጎጃም ቢሆንም ነገሩ ለሸዋ ደገኛም ቅርብ ነው። ሀብቱ በሰብለ ወንጌል ቤት ነው ያለው፤ ድኻው በዛብህ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለደሟ የሚመጥን እየፈለጉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ያልፋል። የሚታበየው አባት ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ። «ኩሩ» የሚለው ቃል ከልጅቷ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሲዞር ልቦለዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ውጭ አገርም ቢሆን ሀብትን የመረጠችው ልጅ ታሪክ የበሰለው ደራሲው ከወቀሳ ሲያልፍ ነው። ጃፓናዊው ኦዛኪ ኮዮ ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዮሚዩሪ ጋዜጣ ላይ ያወጣው ልቦለድ ልክ የተማሪዎቻችንን ሴራ የያዘ ነው፤ ሚያ የተባለችው ልጅ የታጨችለትን ድኻ ተማሪ ትታ የባለ ባንክ ልጅ ታገባለች። ኦዛኪ ግን የተተወው ወጣት በቁጣው ጨካኝ አራጣ አበዳሪ ሲሆን አሳየ። ገንዘብ የለወጠው እርሱንም ነው። ደራሲው በ1903 እ.ኤ.አ. ሳይፈጽመው ሞተ።

ዛሬ የደጋው ምርጫ መልኩን ለውጧል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሲሽር የዘር ቆጠራው ከመሬት ተለየ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገው፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በክልሉ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ይሁን እንጂ መሬቱ በየትውልዱ እየጠበበ ስለሄደ፣ ከመንዝና ከግሼ የሚወጣ ወጣት ዐይኑን ከማሳው ይልቅ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ፣ ሴቷም ወደ ዐረብ አገር ትጥላለች። በጥምቀት ቀን የምትታየው ልጅ ቀሚሷን የገዛችው በራሷ ደመወዝ ሊሆን ይችላል፤ የቤቱንም ቆርቆሮ ያለበሰችው እርሷ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ያንን የግሼ ተማሪ ድርሰቱን እንዲጥል አልመከርኩትም። «ስንት በሬ አለው?» የሚለውን ይተወው፤ ግን የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር፣ «ዐይኖቿ በስስት አበሩ» የሚለውን ይሰርዘው አልኩት። በዚያ ምትክ ሽማግሌዎቹ ምን እንደመለሱላት ይጻፍ፤ በሬዎቹ ሁለት ከሆኑ አንደኛው የማን እንደሆነ፣ ዕዳ እንዳለባቸው፣ ልጁ ራሱ ምን እያሰበ ከውጭ እንደቆመ። ልጅቷንም፣ ከወደደ፣ ዐሥር ዓመት ጨምሮ አንድ ባል ፈትታ ትምጣ። አሁን እየጻፈው ነው፤ ጥያቄዋንም ረዘም አድርጎታል።